ሌሊቱን የጎበጡት የገና ካርዶች፦ የአንድ ሥራ ሙሉ ታሪክ

ጠዋት ተነስቼ ጠረጴዛውን ሳይ ክው አልኩ። ማታ በጥንቃቄ የደረደርኳቸው 20 የገና ካርዶች እዚያው አሉ። 14ቱ ግን እንደ እጅ መዳፍ ጎብጠዋል። ላይና ታቻቸው ወደ ፊት ተጠቅልሎ አልገጥም ብለዋል። ማታ ስተኛ ሁሉም ቀጥ ያሉ ነበሩ። ኮላው ደርቋል፣ አለቀ ብዬ ነው የተኛሁት።

ምክንያቱን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብን። ታሪኩን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ሌላ ሰው ላይ እነዚያ አራት ቀኖች እንዳይደርሱ ብዬ ነው።

የተጀመረው እንዲህ ነው

አክስቴ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በዚያ ዓመት ለወራት ታመው ከርመው ነበር። ሲሻላቸው ጠሩኝና፣ «የጠየቀኝን ሰው ሁሉ በገና ካርድ ማመስገን እፈልጋለሁ» አሉኝ። «የተገዛ ካርድ ግን አልፈልግም። በእጄ የሠራሁት ይሁን።» ተቀምጠን ስም ጻፍን። 60 ሰው ሆነ። የቀረን ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው።

የገና ካርድ ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ጭንቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ አንድ በአንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ አጣ። ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ ካርድ አሠራውና አሳተመው። ያ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የገና ካርድ ነው። ታትሞ ሲያበቃ ቀለሙ የተቀባው በእጅ ነበር። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ደስ አላቸው። «እሱም በእጅ ነዋ!» አሉ።

እኔ ወረቀት በቅርጽ የሚቆርጥ ትንሽ ማሽን አለኝ። ሁለት ሮለርና በእጅ የሚዞር እጀታ ነው ያለው፤ መብራት አይፈልግም። ከሱ ጋር ዳይ የሚባሉት መቁረጫዎች አሉ። ዳይ ጠርዙ የሰላ ቀጭን የብረት ቅርጽ ነው። ኮከብ፣ ደወል፣ የጥድ ዛፍ፣ ቅጠል፣ የማይገኝ ቅርጽ የለም። ሲሠራ ከታች መደቡ ይነጠፋል። በላዩ ዳዩ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ስለቱ ላይ ወረቀቱ ይተኛል። ከሁሉም በላይ ዝርግ ፕላስቲክ ይከደናል። ይህ ድርብርብ በሮለሮቹ መሃል ሲያልፍ ስለቱ ወረቀቱን በጥሶ ፕላስቲኩን ይነክሳል። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ማሽኑ የተሰበረ ይመስለዋል። አክስቴም ደንግጠው እጄን ያዙኝ። ፕላስቲኩ ሲነከስ የሚያሰማው ድምፅ ነው እንጂ ምንም አልሆነም።

ንድፋችን ቀላል ነበር። መሠረቱ ኤ5 ወረቀት ነው። መሃሉ ላይ ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሲ6 የሚባለው ፖስታ ውስጥ በደንብ ይገባል። በፊቱ ላይ 95 በ138 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ንጣፍ ይለጠፋል። በንጣፉ ላይ እንደ ጥልፍ የተቦረቦረ ነጭ ኮከብ ይቀመጣል። የኮከቡ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ ወርቃማ ደወል ከፍ ብሎ ይቆማል። እኔ ሪባንም ብልጭልጭም ልጨምር ብዬ ነበር። አክስቴ እምቢ አሉ። «ኮከቡ ይበቃዋል፤ አታጨናንቂው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ባለ ብዙ ቀዳዳ ቅርጽ ያለ ምንም ጌጥ ዝርግ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው የሚያምረው።

ኮከቡ አልላቀቅ ሲል

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከመጎበጡ በፊት ነው። ኮከቡን ያያያዙት ስስ የወረቀት ክሮች ስፋታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከዳዩ ስናላቅቀው ይቀደዳል። ከመጀመሪያዎቹ 30 ኮከቦች 9 ተቀደዱብን።

ጥፋቱ የወረቀቱ ውፍረት ነበር። እኔ የተጠቀምኩት ቤት የነበረኝን 300 ግራም ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ግራሙን ላብራራ። የወረቀት ውፍረት የሚነገረው በአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ ነው። ተራ የማተሚያ ወረቀት 80 ግራም ነው ሲባል አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ኤ4 የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ አንዷ ቅጠል 5 ግራም ትሆናለች። 300 ግራም ወረቀት እንደ ኮከባችን ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ዳይ ውስጥ ሲገባ ይሰነቀራል። ጎትተን ስናወጣው ክሩ ይበጠሳል።

ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ፤ 80 ግራም ሞከርኩ። አቆራረጡ ግሩም ነው። ኮላ ሲነካው ግን እንደ ራሰ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ። በመጨረሻ 200 ግራም ላይ ረጋን። ለመሠረቱ 250፣ ለንጣፉ 160፣ ለኮከቡ 200። እንዲህ ላለ ስስ ቅርጽ ከ200 ባታልፉ እመክራለሁ።

ወረቀቱ ከተለወጠ በኋላም ኮከቡ ሙሉ በሙሉ በቀላሉ አልወጣም። በዳዩና በወረቀቱ መሃል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት አስገባን። ያኔ መላቀቁ በአንዴ ቀለለ። ዳዩንም ቀጥ አድርገን ሳይሆን ትንሽ አዘንብለን አስቀመጥነው። ቀጥ ሲል ረጅሙ ጠርዝ በሙሉ በአንዴ ሮለሩ ላይ ይገጫል። ሲያዘነብል ግን ቀስ በቀስ ይገባል፤ እጀታውም አይከብድም።

ሌላም ነገር ነበር። ሁልጊዜ የኮከቡ አንድ ጫፍ ብቻ ሳይቆረጥ ይቀራል። ሁልጊዜ ያው ጫፍ። ዳዩ ደንዞ መስሎኝ ነበር። ዳዩን ሳዞረው ግን ያልተቆረጠው ቦታ አብሮት አልዞረም። ስለዚህ ጥፋቱ የዳዩ አይደለም። ፕላስቲኩ እዚያ ቦታ ላይ በብዛት ተነክሶ ጎድጉዷል። አንድ ቁራጭ ስስ ወረቀት ከሥሩ፣ እዚያ ቦታ ብቻ፣ አስገባሁበት። ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩን በየጊዜው እገለብጠዋለሁ። በአንድ ፊቱ ብቻ ሲሠራበት ይቆለመማልና።

በኮከቡ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚቀሩትን ፍርፋሪዎች ያወጡት አክስቴ ናቸው። የስፌት መርፌያቸውን ጀርባ ቡሽ ላይ ሰክተው እጀታ ሠሩለት። ዳዩ ጀርባው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በነሱ በኩል መርፌውን እያስገቡ ወረቀቱን ገፋ፣ ገፋ ያደርጉታል። አንድ ጥግ ብቻ አይገፉም። ዙሪያውን እየዞሩ ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ያነሱታል። ኮከቡ ሳይጎተት ራሱ ተንሳፎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የተቀደደ ኮከብ አላየሁም ማለት ይቻላል።

መጎበጡ

ወደዚያች ጠዋት ልመለስ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኮላውን ነው። ነጩ ኮላ ውሃ አለበት። ወረቀት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ንጣፉን ስለጥፍ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ኮላ ቀብቼው ነበር። ስለዚህ ኮላው በዛ፣ ለዚህ ነው አልኩ። ሦስት ካርድ በጥቂት ኮላ ሠራሁ። መጎበጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ቀጥሎ ማስተካከል ሞከርኩ። 14ቱን በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርጌ ከባድ መጻሕፍት ጫንኩባቸው። ሁለት ሌሊት አደሩ። ሳወጣቸው ቀጥ ብለዋል። እሰይ አልኩ። በማግስቱ እንደገና መታጠፍ ጀመሩ።

ያላስተዋልኩት ትልቁ ነገር ሌላ ነበር። የጎበጡትን አይቼ ስበሳጭ ያልጎበጡትን ስድስቱን ማየት ረሳሁ። ኮላው ያው፣ ወረቀቱ ያው፣ ሌሊቱ ያው። ታዲያ ስድስቱ ለምን ቀጥ ብለው አደሩ?

ያገኙት አክስቴ ናቸው። አንድ የጎበጠና አንድ ቀጥ ያለ ካርድ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከሁለቱም ላይ ንጣፉን በጥፍራቸው ገለጥ አደረጉ። አጠፍ፣ ዘርጋ አደረጉት። ልክ ጨርቅ እንደሚፈትሹት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ይሄ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ድሩን በማጉ ቀይረሽ ቆርጠሽዋል እልሽ ነበር» አሉኝ። «ይሄኛው በቁመቱ እሺ ብሎ ይታጠፋል። ያኛው በቁመቱ እምቢ ይላል፣ በወርዱ ነው እሺ የሚለው። ወረቀትም ድርና ማግ አለው እንዴ?»

ወረቀት ድርና ማግ የለውም። አቅጣጫ ግን አለው። ወረቀት የሚሠራው ከጥቃቅን የእንጨት ቃጫዎች ነው። በማሽን ሲሠራ ቃጫው በውሃ ተበጥብጦ በሚንቀሳቀስ ወንፊት ላይ ይፈስሳል። ወንፊቱ ሲሮጥ ቃጫዎቹ በብዛት ወደ ሩጫው አቅጣጫ ይተኛሉ። እንዲህ ዓይነቱን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ሮቤር ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1799 ነው። ከዚያ በፊት ወረቀት አንድ በአንድ በእጅ ከገንዳ እየተቀዳ ሲሠራ ቃጫው ወደየአቅጣጫው ስለሚበተን ይህ ነገር ብዙም አይታወቅም ነበር።

አሁን ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቃጫ ውሃ ሲጠጣ በርዝመቱ ብዙም አያድግም። በውፍረቱ ግን ያብጣል። ስለዚህ ወረቀቱ በሙሉ የሚሰፋው ቃጫው በተኛበት አቅጣጫ ሳይሆን በጎኑ ነው። ሲደርቅም የሚሰበሰበው በጎኑ ነው። ሁለት ወረቀት ስንለጥፍ የሁለቱም ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኛ አብረው ይሰፋሉ፣ አብረው ይሰበሰባሉ። አንዱ በቁመት፣ ሌላው በወርድ ከተኛ ግን ጉተታ ይጀምራሉ። ንጣፉ ወደ ላይና ወደ ታች ሊሰበሰብ ይፈልጋል፤ መሠረቱ አልሰበሰብም ይላል። ካርዱ ይጎብጣል። የጫንኩባቸው መጻሕፍት ያልፈቱትም ለዚህ ነው። ጉተታው ያለው ወረቀቱ ውስጥ ነው፤ የአየሩ እርጥበት በተለወጠ ቁጥር ይነሳል። መጽሐፍ የሚጠርዙ ሰዎች ይህን ድሮ ያውቁታል። የሁሉም ወረቀት ቃጫ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ይሁን ይላሉ።

የኔ ስህተት የት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አረንጓዴውን የቆረጥኩት 50 በ70 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ትልቅ ወረቀት ነው። 14 ንጣፎች በሁለት ረድፍ ሰባት ሰባት አድርጌ አወጣሁ። ከጠርዙ የተረፈውን ቁራጭ ለማብቃቃት ብዬ አዙሬ ስድስት ቆረጥኩ። እነዚያ ያዞርኳቸው ስድስቱ ናቸው ከመሠረቱ ጋር የተስማሙት። ማለትም ልክ የነበረው ቁራጭ ለማብቃቃት ብዬ ያዞርኩት ነው፤ አስቤበት የቆረጥኩት ደግሞ ስህተት ነበር።

ያን ቀን ማታ ወረቀትና ማስመሪያ ይዤ እንደገና አሰላሁ። ሁሉንም በትክክለኛው አቅጣጫ ብቻ ብቆርጥ ከአንድ ትልቅ ወረቀት አምስት በአምስት፣ 25 ንጣፍ ይወጣል። በመጀመሪያው አቆራረጤ፣ የተረፈውን ሁሉ አዙሬ ብጨርሰው እንኳ፣ የማገኘው 24 ነበር።

አቅጣጫውን ለማወቅ የምንጠቀምበት መንገድ አሁን ሁለት ነው። አንደኛው የአክስቴ ነው። ወረቀቱን ሳንሰብረው በቀስታ እናጥፈው፣ ከዚያ አዙረን እናጥፈው። እሺ ብሎ የሚታጠፍበት መስመር ቃጫው የተኛበት ነው። ወፍራም ወረቀት ላይ ይህ በቂ ነው። ስስ ሲሆን ግን እጅ አይለየውም። ያኔ ከጥጉ ትንሽ ካሬ ቆርጠን አንዱን ፊት ብቻ በእርጥብ ጣት እናርሰዋለን። በሰኮንዶች ውስጥ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። ቱቦው የተዘረጋበት አቅጣጫ ቃጫው የተኛበት አቅጣጫ ነው። አክስቴ ይህን ሙከራ በጣም ወደዱት። የቤቱን ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ሳይቀር፣ እየቆረጡ አረሱት።

መሠረቱ በዕድል ልክ ሆኖ ነበር። ቃጫው ከማጠፊያው ጋር ትይዩ ነው። ለዚህም ነው እጥፋቱ ሳይሰነጠቅ ጥርት ያለው። ወፍራም ወረቀት በቃጫው ላይ ተሻግሮ ሲታጠፍ ጠርዙ ይፈነዳል። ከማጠፋችን በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ መስመር እናሰምርበታለን። መስመሩ በአንዱ ፊት ጎድጓዳ፣ በሌላው እብጠት ይሆናል። የምናጥፈው እብጠቱ ወደ ውስጥ እንዲቀር አድርገን ነው።

ኮላውን መቀነስ

አቅጣጫው ሲስተካከል ትልቁ ችግር ተፈታ። ቢሆንም ውሃውን መቀነስ ፈለግን። ንጣፉን በኮላ መለጠፍ ትተን በአራቱም ጠርዝ ባለ ሁለት ፊት ስኮች አደረግንበት። ስኮች ውሃ የለውም።

ከባዱ ኮከቡ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ክር ላይ ኮላ እንዴት ይቀባል? በብሩሽ ስንቀባ ኮላው በቀዳዳው ይንጠፈጠፋል፤ አረንጓዴው ላይ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይቀራል። የተሻለው መንገድ ነጩን ወረቀት ከመቁረጣችን በፊት ጀርባውን ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ወረቀት መለጠፍ ነው። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ በዳይ እንቆርጣለን። ኮከቡ ሲወጣ ልክ እንደ ስቲከር ነው። ልጣጩን አንስቶ መለጠፍ ብቻ ነው የሚቀረው።

አንድ ክፉ ጎን አለው። አንዴ ከያዘ አይነሳም። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አጣምሜ ለጠፍኩ። አክስቴ መፍትሔ አገኙ። ኮከቡ ተቆርጦ ሲወጣ ዙሪያው የሚቀር ባዶ ወረቀት አለ፤ መሃሉ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ነው። እኔ እጥለው ነበር። እሳቸው የአንዱን ጠርዞች በንጣፉ ልክ ከረከሙት። ኮከቡ መሃል ላይ እንዲውል አድርገው። ንጣፉ ላይ ገጥመው አስቀመጡት፣ ኮከቡን በወረንጦ ይዘው በቀዳዳው ውስጥ ጣል አደረጉት። ልክ ቦታው ላይ አረፈ። «ፓተርን ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ 60 ካርድ እስኪያልቅ ያቺን አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠበቋት።

ማጣበቂያ ወረቀቱ ለ40 ኮከብ በቃ። የቀሩትን 14 በስፖንጅ ሠራን። ኮላውን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ስስ አድርገን እንዘረጋለን። ስፖንጁን ጫን ሳናደርግ እንነካዋለን። ከዚያ የኮከቡን ጀርባ ጠብ፣ ጠብ እናደርገዋለን። ክሩ ላይ የሚቀረው ኮላ በዓይን የሚታይ እንኳ አይደለም። ያም ይይዘዋል። ከተለጠፈ በኋላ በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርገን መጽሐፍ ጭነን አሳደርነው። ይህኛው ጊዜ መጽሐፉ ሠራ።

ፖስታው

ደወሉን ከፍ ለማድረግ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ስኮች ነበር የተጠቀምነው። ጥላ ይሠራል፤ በጣም ያምራል። ካርዶቹን በፖስታ ከትተን ስንከምራቸው ግን የአንዱ ደወል የሌላውን ጀርባ ሰረጎደው። መልእክቱ በሚጻፍበት ቦታ ላይ የደወል ቅርጽ ወጣ። በተጨማሪ ፖስታ ቤቶች ደብዳቤን በክብደት ብቻ ሳይሆን በውፍረትም ይለያሉ። ክብደቱ አላሳሰበንም። መሠረቱ ወደ 8 ግራም፣ ንጣፉ ወደ 2 ግራም ነው። ያሳሰበን ውፍረቱ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ከፈልናቸው። በእጅ የሚሰጡት 24 ካርዶች ደወላቸው ከፍ ብሎ ቀረ። በፖስታ የሚሄዱት 36ቱ ላይ ደወሉ በቀጥታ ኮከቡ ላይ ተለጠፈ። በፊት ለፊት ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የፖስታዎቹን ከመጀመሪያ ዝርግ አድርጌ እነድፋቸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 6 ቀጥ ያሉ፣ በማጣበቂያ ወረቀት የተሠሩት 40፣ በስፖንጅ የተሠሩት 14፤ በድምሩ 60 ካርድ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አለቀ። የጎበጡትን 14 አልጣልናቸውም። አረንጓዴ ንጣፋቸውን ገልጠን በትንሽ የቅጠል ዳይ ቆረጥነው። ቅጠሎቹ በፖስታዎቹ ክዳን ላይ ማሸጊያ ሆኑ። የተቦጫጨረው መሠረታቸው ደግሞ ለአክስቴ የመልእክት መለማመጃ ሆነ። እያንዳንዱን ካርድ ከመጻፋቸው በፊት እዚያ ላይ ይሞክሩ ነበር። 60 ሰው፣ 60 የተለያየ መልእክት። አንዱንም ከሌላው አልገለበጡም።

ለኛ ማስታወሻ ብለን ስልሳ አንደኛ ካርድ ሠርተን መደርደሪያ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አቆምን። ሆን ብዬ ነው እዚያ ያደረግኩት። ቀን ፀሐይ ያገኘዋል፣ ሌሊት እርጥበት። ከአንድ ወር በኋላ አውርጄ ማስመሪያ ደገፍኩበት። ንጣፉ ቀጥ እንዳለ ነው። ከኮከቡ ስድስት ጫፎች አንዱ ብቻ ትንሽ ተነስቷል፤ ስፖንጁ ያልነካው ቦታ ይመስለኛል። አክስቴ መነጽራቸውን አደረጉ። ስቴኪኒ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ኮላ አንስተው ከሥሩ አስገቡ። በጣታቸው ያዙት። እስኪደርቅ ድረስ አልለቀቁትም።